የወንድሜን ቆዳ በጊዜ ላዩልን ሲስተር፦ ምስጋና እና ጥቆማ

ታላቅ ወንድሜ በደም ካንሰር ታሞ፣ እዚህ ሲያትል ከታናሽ እህታችን በተወሰደ ስቴም ሴል (የደም ሕዋሳትን የሚያመነጭ መነሻ ሕዋስ) ንቅለ ተከላ ከተደረገለት በኋላ በቆዳው ላይ ለመጣበት ችግር በጊዜ የደረሱልንን ኢትዮጵያዊት ነርስ በቤተሰቤ ስም ከልብ አመሰግናለሁ። ስማቸው እዚህ እንዳይጻፍ ስለጠየቁኝ፣ እንደ ልማዳችን ሲስተር ብቻ እላቸዋለሁ።

ችግሩ የሚመጣው ከለጋሹ ነጭ የደም ሕዋሳት ነው። እነዚህ ሕዋሳት የተረፈውን ካንሰር ለማጥፋት ቢረዱም፣ የተቀባዩን አካል እንደ ባዕድ ቆጥረው ቆዳን፣ አፍን፣ ዐይንን፣ ጉበትንና ሳንባን ሊያጠቁ ይችላሉ፤ ለጋሹ የእናትና የአባት ልጅ ሆኖ የተስማሚነት ምርመራው ቢገጥምም እንኳ ይህ ይደርሳል። የቆዳው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ «ቀይ ሽፍታ» ተብሎ ይገለጻል፤ እንደ እኛ ባለ ጠይም ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ወይን ጠጅ፣ ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ መስሎ ስለሚታይ በቀላሉ ይታለፋል። ወንድሜን አስቀድሞ ያየው ክሊኒክም ድርቀት ነው ብሎ ቅባት ሰጥቶ መልሶት ነበር።

ሲስተር ግን መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን አስቀምጠውት የክንዱን ቆዳ በሁለት ጣታቸው ቆንጠጥ አድርገው ለማንሳት ሞከሩ፤ ቀጥሎም እንደሚጸልይ ሰው መዳፎቹን እንዲያጋጥም ጠየቁት። መዳፎቹ አልገጠሙም። ቆዳው እየጠጠረ የእጁን አንጓ መያዝ መጀመሩን ስለተረዱ በዚያው ዕለት ለሐኪሙ አሳወቁ። ስቴሮይድ ተጀመረለት፤ በኋላም ነጭ የደም ሕዋሳቱ በማሽን ተለይተው፣ በመድኃኒትና በአልትራቫዮሌት ጨረር ታክመው ወደ ሰውነቱ የሚመለሱበት ሕክምና ተጨመረለት። ከዚህ ሕክምና በኋላ ለ24 ሰዓት ከፀሐይ መጠበቅና መከላከያ መነጽር ማድረግ ግድ መሆኑን ለእናታችን በአማርኛ ያስረዱልን እሳቸው ናቸው። እናታችን ከጎንደር የተላከ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ልትቀባው ስትነሣም አልተቆጧትም፤ «እማማ፣ መጀመሪያ ለሐኪሙ እናሳየው» ብለው እጇን ያዙ። ይህን ትዕግሥት በብዙ ቦታ አላየሁም።

የጠጠረ ቆዳ ቶሎ አይለሰልስም፤ ቢሆንም ወንድሜ ዛሬ የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ ይቆልፋል።

ዘመዳችሁ ንቅለ ተከላ ከተደረገለት ቆዳው በዐይን ብቻ ሳይሆን በእጅም እየተዳሰሰ እንዲታይ ጠይቁ፤ ለውጥ ባያችሁ ቁጥር በቀን ብርሃን ፎቶ አንሡና ለሐኪሙ አሳዩ። በሲያትልና በአካባቢዋ ሆናችሁ ሲስተርን ማማከር የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።