ግሎባል ዊንድ አትላስና ኪውጂአይኤስ ለንፋስ ኃይል ቦታ መረጣ፦ ሰርቼባቸው ያየሁትን ልንገራችሁ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ለንፋስ ተርባይን የሚሆን ቦታ በካርታ እንዴት ይመረጣል ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች ስለበዙ ለወራት የሰራሁባቸውን ሁለት ነገሮች ሪቪው ላድርግላችሁ ብዬ ነው። አንደኛው ግሎባል ዊንድ አትላስ ነው፣ የዓለምን ንፋስ የሚያሳይ የኢንተርኔት ካርታ፣ ሁለተኛው ደግሞ የንፋሱን ካርታ አምጥተን ከሌሎች ካርታዎች ጋር የምናዋህድበት ኪውጂአይኤስ የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም። ሁለቱም በነፃ ናቸው። ቁርጡን ከፊት ልንገራችሁ፦ አትላሱ የት ሄዳችሁ እንደምትለኩ ነው ሚነግራችሁ፣ ከዛም በላይ የት ሄዳችሁ እንደማትለፉ። ተርባይኑን የት ጋ ልትከል የሚለውን መልስ ከሱ የሚጠብቅ ሰው ግን ያማረ ባለቀለም ካርታ ይዞ ገደል ይገባል።

አትላሱን የሰራው የዴንማርክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ በኋላ ዓለም ባንክም ገብቶበታል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው የወጣው፣ እኔ የሰራሁበት 3ኛው ቨርዥን ደግሞ በ2019። ድረገፁን ከፍታችሁ የፈለጋችሁት ቦታ ላይ ክሊክ ስታደርጉ አማካይ የንፋስ ፍጥነቱን፣ በካሬ ሜትር ስንት ዋት ጉልበት እንዳለው፣ ንፋሱ ከየት አቅጣጫ እንደሚበዛ የሚያሳየውን ክብ ግራፍ፣ በየትኛው ወርና በቀኑ በየትኛው ሰዓት እንደሚበረታ ሁሉ ያወጣላችኋል፣ ከፍታውንም 10፣ 50፣ 100፣ 150 እና 200 ሜትር እያላችሁ መቀያየር ይቻላል። እዚጋ ብዙ ሰው ሲሳሳት አይቻለሁ፣ የ10 ሜትሩን ወስዶ "አካባቢው ንፋስ የለውም" ይላል። 10 ሜትር እኮ የሜትሮሎጂ ጣቢያ ሚለካበት ከፍታ ነው፣ የዘመኑ ትልልቅ ተርባይኖች ክንፎቹ የሚዞሩበት መሀላቸው 100 ሜትርና ከዛ በላይ ላይ ነው ሚሆነው፣ ስለዚ 100ውን ያዙ።

ቁጥሩ ከየት መጣ ለምትሉ፣ ማንም ሰው እያንዳንዱ ተራራ ላይ ወጥቶ አልለካም። ኢአርኤ 5 የሚባል የአየር ፀባይ ዳታ አለ፣ አንዱ ሳጥን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከሱ ላይ የ10 ዓመቱን (ከ2008 እስከ 2017) ወስደው በሞዴል መጀመሪያ ወደ 3 ኪሎ ሜትር አወረዱት፣ ከዛ የተራራውን ቅርፅና የመሬቱን ሸካራነት ማለትም ደን ነው ሜዳ ነው ውሃ ነው የሚለውን አስገብተው 250 ሜትር አደረሱት። ለዓለም በሙሉ፣ በነፃ! እኔ ይሄን ስራ በጣም ነው ማከብረው፣ ምክንያቱም ከዚህ በፊት እንደዚ አይነት ካርታ ለማግኘት አማካሪ ቀጥረህ ከፍለህ ነበር፣ አሁን አንድ ተማሪ በላፕቶፑ የካርታውን ፋይል (ጂኦቲፍ ይባላል) ዳውንሎድ አድርጎ ከባለሙያው እኩል ስራ ይጀምራል።

ግን ሞዴል ሞዴል ነው። በተለይ ተራራማ ቦታ ላይ፣ ሸንተረሩ ጫፍና ከስሩ ያለው ጥላ ቦታ 250 ሜትር ውስጥ ሊገናኙ ይችላሉ፣ ካርታው ግን ለሁለቱም አንድ ቁጥር ይሰጣቸዋል። ይሄ ለምን ያሳስባል ካላችሁ የንፋስ ጉልበት ሚያድገው በፍጥነቱ ኩብ ስለሆነ ነው። 6 ሜትር በሰከንድ የሆነ ቦታና 7 የሆነ ቦታ በአይን ሲታዩ ያው ናቸው አይደል? 6 ሲኮበስ 216 ነው፣ 7 ሲኮበስ 343፣ ወደ 59 ፐርሰንት ልዩነት አለው! ስለዚ ካርታው ፍጥነቱን 10 ፐርሰንት አብዝቶ ከነገራችሁ እናንተ ጉልበቱን 33 ፐርሰንት አብዝታችሁ እየቆጠራችሁ ነው ማለት ነው፣ ባንክ ይዛችሁት ብትሄዱ የሚያስከትለውን አስቡት።

ሌላ ብዙ የማይነገር ነገር፣ ሁለት ቦታዎችን በፍጥነት ብቻ አታወዳድሩ። ከፍ ያለ ቦታ ላይ አየሩ ይሳሳል፣ 2500 ሜትር ላይ ያለ አየር ከባህር ወለሉ ከ20 ፐርሰንት በላይ ይቀልላል፣ እና አንድ አይነት ፍጥነት ያላቸው ሁለት ቦታዎች አንዱ ደጋ አንዱ ቆላ ከሆኑ እኩል ጉልበት የላቸውም። አትላሱ ላይ ፓወር ደንሲቲ (በካሬ ሜትር ያለው ጉልበት) የሚለው ሌየር፣ ማለትም አንዱ የካርታ ንብርብር፣ የአየሩን ክብደት አስገብቶ ነው ሚያሰላው፣ እኔ አሁን ማወዳድረው በሱ ነው።

እሺ ወደ ኪውጂአይኤስ። ፕሮግራሙ በ2002 የተጀመረ ኦፕን ሶርስ ነው፣ የማይሰራው ነገር የለም ማለት ይቻላል፣ ግን ትዕግስት ይጠይቃል። እኔ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ እናንተ ላይ እንዳይደርስ። ከመኖሪያ ቤቶች 500 ሜትር ዙሪያ መከልከል ነበረብኝና በፈር የሚለውን ከፍቼ 500 ብዬ ፃፍኩ፣ ሲጨርስ ስክሪኑ በሙሉ አንድ ቀለም ሆነ፣ ወደኋላ ባሳንሰው ባሳንሰው ያው ነው፣ ዓለሙ በሙሉ ተከልክሏል። ለካ የሌየሩ መለኪያ ዲግሪ ነበር፣ 1 ዲግሪ ደግሞ ወደ 111 ኪሎ ሜትር ነው፣ እና 500 ዲግሪ ዙሪያ ከልክል ብዬው ነው። ያ እንኳን ገና ስታየው የሚታይ ስህተት ነው። የባሰው ተዳፋት ላይ የመጣው ነው፣ ከፍታው በሜትር አግድሙ በዲግሪ ሆኖ ስሎፕ ሳሰላ ሜዳውም ገደሉም 89 ዲግሪ ምናምን ይለኛል፣ ሙሉ ቀን ዳታው ነው የተበላሸው ብዬ ደጋግሜ ዳውንሎድ ሳደርግ ዋልኩ። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ስራ ከመጀመራችሁ በፊት ሁሉንም ሌየር ለአካባቢያችሁ ወደሚሆነው የዩቲኤም ዞን (በሜትር የሚለካ የካርታ ስርዓት ነው) ቀይሯቸው፣ ያኔ ሁሉም በሜትር ይሆናል። ይሄን ካደረኩ በኋላ ግማሹ ችግሬ ጠፋ።

ከንፋሱ ሌላ የሚያስፈልጉ ሌየሮችም በነፃ ይገኛሉ። ከፍታውን ከኤስአርቲኤም (በ2000 መንኮራኩር በ11 ቀን የቃኘው፣ አንዱ ካሬ 30 ሜትር ነው)፣ የመሬት ሽፋኑን ከአውሮፓ ስፔስ ኤጀንሲ ወርልድ ከቨር በ10 ሜትር፣ መንገድና የኤሌክትሪክ መስመር ከኦፕን ስትሪት ማፕ፣ ጥብቅ ቦታዎችን ከፕሮቴክትድ ፕላኔት። ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ መስመር አልታየም ማለት መስመር የለም ማለት እንዳልሆነ ግን ልብ በሉ፣ ሰው በፈቃዱ የሚሞላው ካርታ ስለሆነ ከሳተላይት ምስል ጋር እያስተያያችሁ አረጋግጡ። ደግሞ የ250 ሜትሩን ንፋስ ወደ 30 ሜትር ቆራርጣችሁ ስታስቀምጡ ስክሪን ላይ በጣም ያምራል፣ አዲስ መረጃ ግን አልተጨመረም፣ ያው ቁጥር ነው በትንንሽ ካሬ የተደገመው።

አሁን ዋናው ነገር ጋ መጣን። ብዙ ሰው የሚሰራው እንደዚ ነው፣ ለእያንዳንዱ ሌየር ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል፣ ለንፋሱ 40 ፐርሰንት ለመስመር ርቀት 20 ለመንገድ 15 ምናምን እያለ ዌይት (የየሌየሩን ክብደት) ይሰጥና ይደምራል፣ ከፍተኛ ነጥብ ያመጣው ምርጥ ቦታ ይባላል። እኔም መጀመሪያ እንደዚሁ ሰርቼ ነበር፣ እና ከላይ ከወጡት ቦታዎች አንዱን ከፍቼ ባየው ጥብቅ ደን መሀል ነው! ለምን? ንፋሱ ምርጥ ስለሆነ፣ መንገዱም ቅርብ ስለሆነ፣ ደንነቱ ያጎደለውን ነጥብ ሌላው ሞላለት። መደመር እንደዚ ነው፣ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል፣ ህግ የከለከለውን ነገር ግን ጥሩ ንፋስ አይሸፍነውም። ስለዚ መጀመሪያ መከልከያ ካርታ ለብቻው ስሩ፣ 0 እና 1 ብቻ፣ ጥብቅ ቦታ 0፣ ውሃ 0፣ ከቤቶች ቅርብ የሆነ 0፣ የአየር ማረፊያ ዙሪያ 0፣ በጣም ቀጥ ያለ ተዳፋት 0፣ ከዛ የነጥቡን ካርታ በሱ አባዙት። ካርታን በካርታ በሚያሰላው ራስተር ካልኩሌተር በሚባለው ቱል ላይ አንድ መስመር ነው የሚፈጀው። የክልከላው ርቀት ስንት ይሁን የሚለውን ከምትሰሩበት አገር ደንብ ነው ምትወስዱት፣ የሌላ ሰው ጥናት ላይ ያያችሁትን ቁጥር ዝም ብላችሁ አትገልብጡ።

ዌይቱን ራሱ ለማውጣት ኤኤችፒ የሚባለው ዘዴ አለ፣ ቶማስ ሳቲ በ1970ዎቹ ያወጣው፣ መስፈርቶቹን ሁለት ሁለት እያደረግክ የቱ ይበልጣል በስንት እያልክ ከ1 እስከ 9 ትሞላለህ፣ መልሶችህ እርስ በርሳቸው ከተጋጩም ይነግርሃል፣ የመጋጨት ቁጥሩ ከ0.1 በላይ ከሆነ ተመልሰህ አስተካክል ነው። ጥሩ ዘዴ ነው ግን መጨረሻ ላይ ያው የሰው አስተያየት ነው በቁጥር የተፃፈው። እኔ ከዚህ ይልቅ ያመንኩት ሌላ ነገር ነው፣ ዌይቶቹን እየቀያየርኩ ደጋግሜ አስኬድኩት፣ ንፋሱን 30 አድርጌ፣ 50 አድርጌ፣ የመስመሩን ርቀት ከፍ አድርጌ ዝቅ አድርጌ፣ ከዛ በየጊዜው ከላይ የሚገኙትን ብቻ ለየሁ። አንዱን ዌይት ስነካካው የሚጠፋ ቦታ ጠንካራ ቦታ አይደለም፣ ምንም ባደርግ አልወርድ ያሉኝ ቦታዎች ግን ነበሩ፣ ልቤ የረጋው በነሱ ነው። ሪፖርት ስትፅፉ አንድ ቆንጆ ካርታ ከምታሳዩ ይሄንን ብታሳዩ ሰሚው ያምናችኋል።

የመንገድ ርቀት ላይ ደግሞ አደራ። ፕሮክሲሚቲ የሚለው ቱል ቀጥታ መስመር ነው ሚለካው፣ ወፍ እንደምትበረው። ካርታው "መንገድ 4 ኪሎ ሜትር ነው" ያለኝ ቦታ ነበር፣ በመሀል ግን ወንዝ የቆረጠው ጥልቅ ሸለቆ አለ። የአንድ ተርባይን ክንፍ 60 እና 70 ሜትር ሳይቆራረጥ ባንድ መኪና ነው ሚጫነው፣ ያን ይዞ ኩርባ መታጠፍ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ሹፌር መሆን አያስፈልግም። ስለዚ ከቻላችሁ ተዳፋቱን እንደ ወጪ የሚቆጥረውን ኮስት ዲስታንስ ተጠቀሙ።

ስፋትም ይታይ። አንድ የአትላሱ ፒክስል 250 በ250 ሜትር ነው፣ 6.25 ሄክታር። ክንፉ ሲዞር 120 ሜትር ስፋት ያለው ተርባይን ግን በንፋሱ አቅጣጫ 7 እጥፍ በጎን 4 እጥፍ ቢራራቅ 840 በ480 ሜትር ይፈልጋል፣ ወደ 40 ሄክታር ማለት ነው ለአንዱ ብቻ። ካርታችሁ ላይ እንደ በርበሬ ዘር የተበተኑ አረንጓዴ ነጠብጣቦች ካያችሁ ደስ አይበላችሁ፣ ሲቭ በሚለው ቱል አጥሩና የተያያዙትን ትልልቆቹን ብቻ አስቀሩ።

ስለ ወፎችም ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ካሊፎርኒያ ውስጥ አልታሞንት ፓስ የሚባለው ቦታ ላይ በ1980ዎቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ተርባይኖች ሲተከሉ ንፋሱ ጥሩ ነበር፣ ግን ንስሮችና ጭልፊቶች የሚያድኑበትና የሚያልፉበት ቦታ ነው፣ ለአስርተ ዓመታት ብዙ ወፍ ሞተበት፣ ክርክሩም ክሱም አላለቀም ነበር። ወፎች ሸንተረር ላይ የሚወጣውን ንፋስ ይወዳሉ፣ እኛም የምንፈልገው እሱኑ ነው፣ ስለዚ የወፍ መተላለፊያ ሌየር ማስገባት ለይስሙላ አይደለም። የወፎች ካርታ ሁልጊዜ አይገኝም፣ ካጣችሁ አካባቢውን የሚያውቅ ባለሙያ ጠይቁ።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ አትላሱ ለተሰራለት ስራ 5 ከ5 ነው፣ ሰሪዎቹ ራሳቸው ለመጀመሪያ ደረጃ ማጣሪያ ነው ይላሉ፣ በዛ ሚዛን ነው መለካት ያለበት። ኪውጂአይኤስን 4 እሰጠዋለሁ፣ አንዷን ለጀማሪ ከበድ ስለሚል ነው የቀነስኩት እንጂ አቅሙ ላይ ቅሬታ የለኝም።

በመጨረሻ 3 ቦታ ቀረልን፣ ሄደን አየናቸው፣ የሁለቱን ልንገራችሁ። አንደኛው ላይ ካርታው "ሳር ነው" ብሎ ያሳየው ሜዳ በቅርብ የተሰሩ ቤቶች ሞልተውበታል፣ የመሬት ሽፋኑ ዳታ የ2021 ስለነበር አላያቸውም፣ ያን ቦታ እዛው ቆመን ሰረዝነው። ሁለተኛው ሸንተረሩ ላይ ነው፣ ብቸኛ ዛፎቹ ሁሉ ወዳንድ ጎን ዘመው ነው ያደጉት፣ ዝመታቸውን ከአትላሱ የንፋስ አቅጣጫ ግራፍ ጋር አስተያየሁት፣ ገጠመ! ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ መግለፅ ይከብደኛል፣ ለወራት ስክሪን ላይ ያየሁት ነገር ዛፍ ላይ ተፅፎ ነው ያገኘሁት። አሁን እዛ ቦታ ላይ የመለኪያ ማማ ተተክሎ እየለካ ነው፣ ቢያንስ 1 ሙሉ ዓመት መለካት አለበት፣ ሲሞላ ቁጥሩን ከአትላሱ ጋር ጎን ለጎን አድርጌ እዚሁ እለጥፍላችኋለሁ።