የቧንቧ ውኃን ማፍላት ወይስ በክሎሪን ማከም?

ውኃ ከማጣሪያ ጣቢያው ንጹሕ ሆኖ ቢወጣም፣ በፈረቃ በሚታደልበት ከተማ የመስመሩ ግፊት በሚወርድበት ሰዓት በተሰነጠቀ ቱቦ በኩል ፍሳሽ ወደ ውስጥ ሊሳብ ስለሚችል፣ ቤት ውስጥ ማከም ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

አስተማማኝነት፦ ማፍላት ባክቴሪያን፣ ቫይረስንና ጥገኛ ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ውኃው በደንብ ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ቦታ ደግሞ 3 ደቂቃ መቆየት አለበት። ክሎሪን አብዛኞቹን ባክቴሪያዎችና ቫይረሶች በ30 ደቂቃ ውስጥ ያጠፋል፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው ጥገኛ ግን አይበገርለትም።

ወጪ፦ ማፍላት ነዳጅና ጊዜ ይፈጃል። ክሎሪን ርካሽ ነው።

ከታከመ በኋላ፦ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው። የፈላ ውኃ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚከላከልለት ነገር ስለሌለ፣ ያልታጠበ ኩባያ አንድ ጊዜ ቢጠልቅበት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ በክሎሪን በታከመ ውኃ ውስጥ ግን ቀሪው ክሎሪን ክዳኑ በተገጠመ ጀሪካን ውስጥ ጥበቃውን ይቀጥላል።

ድፍርስ ውኃ፦ ቆሻሻው ክሎሪኑን ስለሚሻማው፣ አስቀድሞ ማዝቀጥና በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል ያስፈልጋል።

እርሳስንና ፍሎራይድን ሁለቱም አያስወግዱም፤ እንዲያውም ውኃን ረጅም ጊዜ ማፍላት በውኃው ውስጥ ያላቸውን ክምችት ይጨምረዋል።

ለሕፃን፣ የመከላከል አቅሙ ለተዳከመ ሰውና በአንድ ቀን ለሚያልቅ መጠን ማፍላትን እመርጣለሁ። ለብዙ ቤተሰብ፣ ነዳጅ ለሚቸግረው ቤትና ለቀናት ለሚቀመጥ ውኃ፣ በእሽጉ ላይ የተጻፈው መጠን እስከተጠበቀ ድረስ፣ ክሎሪን ይሻላል።