የእህቴን ፊት ለመለሰችልን የደብረ ብርሃኗ የቆዳ ሐኪም ምስጋና፤ ቅንድብ ተነቅሳችሁ ለተቸገራችሁም ጥቆማ

ሰላም ወገኖቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ የሰው ጽሁፍ አንብቤ የማልፍ እንጂ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ዛሬ ግን ዝም ብል እግዚአብሔርም የሚወድልኝ አይመስለኝም። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ የምትሠራ አንዲት የቆዳ ሐኪም አለች። ታናሽ እህቴን ከጭንቅ ያወጣቻት እሷ ናት። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ አጥብቃ ስለለመነችኝ ቃሏን አከብራለሁ፤ የቸገረው ግን በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ የት እንደምትገኝ እነግረዋለሁ።

ነገሩ የቅንድብ ታቱ ነው። እህቴ ቤይሩት ሠርታ ስትመለስ ቅንድቧን ተነቅሳ መጣች። እዚያ አብረዋት የነበሩት ልጆች ሁሉ አሠርተው ነበር። መጀመሪያ ላይ እውነት ለመናገር አምሮባታል፤ ጥቁር፣ ጥንቅቅ ያለ ቅንድብ ነበር። እየቆየ ሲሄድ ግን ጥቁሩ እየለቀቀ መቅላት ጀመረና በመጨረሻ ጡብ መስሎ ቀረ። መሐል ሜዳ እናታችን ጋ ስንሄድ ሰው ሰላም የሚላት ቅንድቧን እያየ ነው። "ምን ነካሽ ልጄ፣ እሳት ነው?" የሚሉ አሮጊቶች ነበሩ፤ በክፋት አይደለም፣ አዝነውላት ነው። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ሻሿን እስከ ዓይኗ ዝቅ አድርጋ ማሰር ለመደች። የአክስታችን ልጅ ሲዳር እንኳ "አሞኛል" ብላ ቤት ቀረች። እንዳላመማት አውቃለሁ።

አሁን የደረሰብንን ልናገር። የማንንም ስም አልጠራም።

መጀመሪያ የሄድንበት አዲስ አበባ ያለ የውበት ቤት ነው። "ይሄማ ቀላል ነው፣ እንሸፍነዋለን" አሏት። የሸፈኑት የቆዳ መልክ ያለው ቀለም ከላዩ እንደገና በመውጋት ነው። ገንዘቡን የተቀበሉት ገና ሳይነኳት ነው። ሲድን ቀዩ ከሥር፣ ነጣ ያለው ከላይ ሆኖ ፊቷ ዥጉርጉር አለ። ተመልሳ ስትሄድ ምን ቢሏት ጥሩ ነው? "የቆዳሽ ችግር ነው!" እነሱ ያበላሹትን በልጅቷ ቆዳ አሳበቡ። ከዚያ በኋላ መስታወት ፊት መቆም ተወች።

ሁለተኛው ታቱ የሚያጠፋ ቅባት አለኝ ብሎ በስልክ የሚሸጥ ሰው ነው። ብልቃጡን በአውቶቡስ ላከልን። ውስጡ ምን እንዳለ የሚናገር አንድም ጽሁፍ የለበትም። "ሲያቃጥልሽ እየሠራ ነው ማለት ነው፣ ቻይው" አላት። ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ አደረች። ጠዋት ሳያት የግራ ቅንድቧ ቆዳ ተገሽልጦ ውሃ ቋጥሯል። ስደውል አያነሳም፤ በሌላ ስልክ ስደውል ድምፄን ሰምቶ ዘጋው። ፊቷን አቃጥሎ ስልክ የሚዘጋ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

ሦስተኛው "ሌዘር አለን" ያለ ቤት ነው። ሠራተኛው ለራሱ መነጽር አደረገ። ለእሷ ግን ምንም ሳያደርግላት "ዓይንሽን ጨፍኚ ብቻ" አላት። ውስጤ ስላልወደደው እጇን ይዤ ይዣት ወጣሁ። በኋላ ከሐኪሟ እንደተረዳሁት ያ ጨረር ባዶ ዓይን ላይ ቢያርፍ ዓይን እስከማጥፋት ይደርሳል፤ የዓይን ቆብ መጨፈን ብቻውን አይከላከለውም። ስለዚያ ቤት ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ደሜ ይፈላል።

ወደ ዶክተሯ የመራችን ጎረቤቴ ናት። ልጇ ችፌ ይዞት ስታመላልሰው የቆየችው እሷ ጋ ነበር። "አንዴ ብቻ አሳዪያት፣ ሌላ አልልሽም" አለችኝ። እህቴ "ከእንግዲህ ማንም ፊቴን አይነካም" ብላ ነበርና ለምኜ፣ አልቅሼ ነው የወሰድኳት።

የመጀመሪያውን ቀን መቼም አልረሳውም። ብርዱ እንደ ደብረ ብርሃን ልማዱ አጥንት ይሰብራል፤ ወረፋውም ከበር ውጪ ተርፏል። ገባን። ዶክተሯ ቅንድቧን አየት አድርጋ ተወችውና ጆሮዋን ያዘች። የጉትቻዋን ቀዳዳ ከፊትም ከኋላም በጣቷ ዳበሰችው። "ስትበሺ አብጦብሽ ነበር?" አለቻት። ቀጥላ እጅጌዋን አስጠቅልላ በሕፃንነቷ የተከተበችውን የቲቢ ክትባት ጠባሳ አየች፣ እሱንም ዳበሰችው። እኔ በሆዴ "ቅንድቧን ብለን መጥተን ይቺ ደግሞ ክንድ ታያለች" አልኩ። ለካ የምታየው ቁስሏ እንዴት እንደሚድን ነው! አንዳንድ ሰው ቁስሉ ሲድን ከቦታው አልፎ እያበጠ ይሄዳል፤ ኬሎይድ ይሉታል። የእኛ ዓይነት ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ፊቱ በችኮላ ከተነካ ጠባሳው ከታቱው ይብሳል። እኛ ከዚያ በፊት ያን ሁሉ ስንንከራተት ጆሮዋን ለማየት ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም።

ከዚያ መብራቱን አስጠግታ ቅንድቧን አየችው። "ከላዩ የቆዳ መልክ ያለው ቀለም ጨምረውበታል፣ አይደል?" አለች። እኛ ገና ስለ ውበት ቤቱ አንዲት ቃል አልተነፈስንም! እህቴ ዞር ብላ አየችኝ። አወቀችው ማለት ነው።

ያስረዳችን በገባኝ መጠን ይህን ነው። በነዚህ የቅንድብ ቀለሞች ውስጥ ብዙ ጊዜ የብረት ዝገት ዓይነት ነገር አለ፤ ጥቁሩ ቀድሞ ሲለቅ ቀዩ የሚቀረው ለዚህ ነው። ለመሸፈኛ የሚጨምሩት ነጭ ቀለም ደግሞ ታይታኒየም የሚባል ነገር አለበት፤ ሌዘር ሲነካው በመጥፋት ፈንታ እዚያው በዚያው ሊጠቁር ይችላል። ስለዚህ እየደጋገሙ መሸፈን በኋላ ማጥፋቱን ያከብደዋል። ይህን ያን ጊዜ የነገረን ቢኖር!

አሁን ልቤን የነካው ነገር ጋ ደረስኩ። የእህቴን ሻሽ ራሷ በእጇ ፈታችላት። አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ቅንድቧን ሳይሆን ዓይን ዓይኗን እያየች፣ "እህቴ፣ ቆዳሽ ምንም ችግር የለበትም። ያበላሹት ሰዎች ናቸው። ይስተካከላል፣ ግን ጊዜ ይፈጃል፤ አብረን እንቆያለን" አለቻት። "የቆዳሽ ችግር ነው" የተባለችው ልጅ ይህን ስትሰማ ማልቀስ ጀመረች። ዶክተሯ ያን ሁሉ ወረፋ እያወቀች አልቅሳ እስክትጨርስ ጠበቀቻት፤ አንድም ጊዜ ሰዓቷን አላየችም። ልንወጣ ስንል ምን ያህል እንክፈል ብል "ካርድ አውጥታችኋል፣ እሱ ይበቃል። ዛሬ ምን ሠራሁና ነው የምቀበላችሁ? ቃጠሎው ሳይድን እኔም ልነካት አልችልም፣ ሌላም ሰው እንዳይነካት" አለችኝ። ገንዘብ ካልተቀበሉ የማይነኩ ሰዎች ጋ ተመላልሰን የመጣን ነንና እኔም እንባዬ መጣ። እግዜር ይስጥልኝ ከማለት በቀር ምን ማለት ይቻላል?

ቁስሉ እስኪድን ቅባት አዘዘችላት። ቅርፊቱን እንዳትልጠው፣ ራሱ እስኪወድቅ እንድትተወው፣ ፀሐይም እንዳያገኛት ነገረቻት። የሀገራችን አየር ብርድ ስለሆነ ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስለናል እንጂ ደጋ ላይ ፀሐይ ትበረታለች፣ የተጎዳ ቆዳንም ታጠቁራለች። አክስቴ በጨውና በሎሚ ይታሽ ብላን ነበር። ዶክተሯ አልሳቀችብንም፤ ቆዳን በጨው ፈግፍጎ ታቱ ማንሳት ዱሮም የሚሠራ ነገር እንደሆነ፣ ግን ጠባሳ ትቶ እንደሚሄድ አስረድታ ከለከለችን።

ሌዘሩን የሚሠራው አዲስ አበባ ያለ የሥራ ባልደረባዋ ስለነበር ደብዳቤ ጽፋ ሰጠችን። ደብዳቤው ላይ 1064 የሚል ቁጥር ጽፋ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ምን እንደሆነ ዛሬም በቅጡ አልገባኝም፤ ለጠቆረ ቆዳ የሚሻለው የጨረር ዓይነት ነው ብላናለች። መጀመሪያ በቅንድቡ ጫፍ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቦታ ብቻ ተሞክሮ እንዲቆይ አዘዘች። እህቴንም "ያቺ ቦታ ልትጠቁር ትችላለች። ብትጠቁር እንዳትደነግጪ፣ ደውይልኝ" አለቻት። እንዳለችውም ጠቆረች። አስቀድማ ባትነግረን ኖሮ እህቴ ያን ዕለት የምትሆነውን እኔ ነኝ የማውቀው። ደወለች፤ ማታ ነበር፣ አነሳችላት። ስልክ በተዘጋብን ማግስት ማታ ስልክ የሚያነሳ ሐኪም ማግኘት!

ከዚያ ወዲህ ነጩ የተጨመረበትን ቦታ በሌዘር ሳይሆን በጥሩ መርፌ የጨው ውሃ እያስገቡ ቀለሙን ወደ ላይ የሚያወጡበት ዘዴ አለ፣ በሱ አስነኩላት። የቀረውን በሌዘር። በሌዘሩ ቀን ዓይኗን ሙሉ በሙሉ የሚጋርድ መሸፈኛ አደረጉላት። ዶክተሯ እንዳለችን የዓይን ሽፋሽፍት ሥር የተነቀሰ ሰው ከሆነ ደግሞ ከቆቡ ሥር የሚገባ የብረት መከላከያ ሳይደረግለት ፈጽሞ ሌዘር መነካት የለበትም። በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ከ6 እስከ 8 ሳምንት አስጠበቋት። ጨረሩ ቀለሙን ይሰባብረዋል እንጂ ጠርጎ የሚያወጣው ሰውነት ራሱ ስለሆነ ጊዜ ይፈልጋል። "በአንድ ቀን እናጠፋልሻለን" የሚላችሁን ሰው ሸሹት።

ስለ እናቴም ሳልናገር አላልፍም። ከመሐል ሜዳ መጥታ አንድ ቀን አብራን ሄደች። እናቴ አንገቷ ላይም ግንባሯ ላይም ንቅሳት አላት፤ በልጅነቷ በመርፌና በጥላሸት የተነቀሰችው ነው። ዶክተሯን "ልጄ፣ ይሄ መሣሪያችሁ የኔንም ያነሳል?" አለቻት። ዶክተሯም "እማማ፣ የእርስዎ ጥቁር ጥላሸት ስለሆነ ከእሷ ይልቅ የእርስዎ ይቀላል፤ ሌዘር ጥቁር ይወዳል" አለቻት። እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ፣ "አይ፣ የኔስ ይቅር! እናቴ ይዛኝ፣ ባልቴቷ እያዜመች የነቀሰችኝ ነው፤ ይዤው እቀበራለሁ። የልጄን ብቻ አንሱልኝ" አለች። ዶክተሯ ብድግ ብላ የእናቴን ግንባር ሳመች። እናቴ እስከ ዛሬ በጸሎቷ ሳትጠራት አትተኛም።

አሁን እህቴ በምን ሁኔታ ላይ ናት ለምትሉ፦ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ወደ ጫፉ የደበዘዘ ነገር ይታያል፣ ሕክምናውም አላለቀም። ቀዩ ግን ለቋል። የራሷ ጠጉር በቅሎ ሸፍኖታል። ቃጠሎው የነበረበት ቦታ ጠቆር ብሎ የነበረው እየተመለሰ ነው። ባለፈው ገና ሻሽ ሳታስር ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ቡና ስታፈላ ፀጉሯን ወደ ኋላ ይዛ እንግዳ ትቀበላለች። "እትዬ፣ ፎቶ አንሺኝ" ብላኛለች። ፎቶ ስታይ ስልክ ትወረውር የነበረች ልጅ!

እህቶቼ፣ በተለይ ከዓረብ አገር ተመልሳችሁ በዚህ ነገር የተቸገራችሁ፣ እባካችሁ አትደበቁ፤ ለውበት ቤት ወሬም ፊታችሁን አትስጡ። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። እዚህ ሸዋ ውስጥ ካላችሁ፣ ከሸዋ ሮቢትም ሁኑ ከደብረ ሲና፣ ከመንዝም ከአንኮበርም፣ ይቺን ሐኪም ሳታዩ ገንዘባችሁን ለማንም አታውጡ። ነፍሰ ጡር የሆናችሁ እስክትወልዱ ቆዩ፤ ለብጉር ጠንካራ ኪኒን የምትወስዱም ለሐኪሙ መንገር አትርሱ። ደግሞ መጀመሪያ ምን ቀለም እንደተነቀሳችሁ፣ ከላዩም ምን እንደተጨመረበት አንድም ሳትደብቁ ንገሩ። የድሮ ፎቶ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ የእኛን ፎቶዎች አንድ በአንድ ነው ያየቻቸው።

ዶክተርዬ፣ ይህን የምታነቢው ከሆነ፣ የእህቴን ፊት ብቻ አይደለም የመለስሽልን። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ። መርፌውን የምትሠራው ነርስም እጇ ይባረክ፤ ያን ያህል ለስላሳ እጅ አላየሁም።

አድራሻ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቀን ሱቅ ላይ ስለምውል መልሱን ማታ ማታ ነው የምሰጣችሁ። ስትሄዱ ጠዋት በጊዜ ካርድ አውጡ፣ ወረፋው ይበዛል፤ ወፍራም ጋቢም ያዙ።