የሊኑክስ ከርነል የሜሞሪ አጥር ሲገመገም

በሊኑክስ ሥርዓተ ክወና «ዴቭ ሜም» የሚባለው ፋይል የኮምፒውተሩን አካላዊ ሜሞሪ በቀጥታ ለፕሮግራሞች የሚከፍት በር ነው። ቁልፉ በሩት (ሙሉ ሥልጣን ባለው የሥርዓቱ ተጠቃሚ) እጅ ብቻ ቢሆንም፣ የሩትን ሥልጣን የነጠቀ ተንኮለኛ ፕሮግራም በዚሁ በር ገብቶ የከርነሉን (የሥርዓተ ክወናውን እምብርት) ኮድ እስከ መለወጥ ይደርስ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. ከከርነል 2.6.26 ጋር የመጣውና ኋላ «ስትሪክት ዴቭሜም» የተባለው አማራጭ ራሙን ዘግቶ፣ በኤክስ86 (የኢንቴልና የኤኤምዲ ዓይነት ፕሮሰሰር ባላቸው) ማሽኖች ላይ የመሣሪያዎችን አድራሻና ለአሮጌ ፕሮግራሞች ሲባል የመጀመሪያውን 1 ሜጋባይት ብቻ ይተዋል። በእኔ ግምት ያለ አንዳች ማቅማማት ሊበራ የሚገባው ነው።

በ2016 በከርነል 4.5 የተጨመረው «አይኦ ስትሪክት ዴቭሜም» ግን ድራይቨር (መሣሪያን የሚያሠራ የከርነል ፕሮግራም) ይዞ የሚሠራባቸውን የመሣሪያ አድራሻዎችም ስለሚከለክል ጠንከር ይላል። የአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ባዮስ (በቺፕ ላይ ያለውን የማስነሻ ፕሮግራም) ፍላሽሮም በተባለ የቺፕ ማንበቢያ ፕሮግራም ልገለብጥ ስሞክር፣ ሩት ሆኜ ሳለሁ «ክንውኑ አልተፈቀደም» የሚል መልስ ገጠመኝና ግማሽ ቀን ያህል ጥፋቱን በቺፑ ላይ ስፈልግ ዋልኩ። በመጨረሻ ሊኑክስን በሚያስነሳው ግሩብ ላይ «ኢ» የሚለውን ፊደል ተጭኜ፣ በከርነሉ የማስነሻ ትእዛዝ መስመር ጫፍ «አይኦሜም» የሚለውን ቅንብር «ሪላክስድ» አድርጌ ሳስነሳው ቅጂው በሰላም ተጠናቀቀ፤ ለውጡም ለዚያ አንድ ማስነሻ ብቻ ስለሆነ አጥሩ ወዲያው ተመለሰ። ይሁንና ከ2019ኙ ከርነል 5.4 ጀምሮ ያለው «ሎክዳውን» የተባለ፣ ሩትንም ከከርነሉ የሚያግድ ጥበቃ ከበራ የዴቭ ሜም ፋይል ጨርሶ ስለማይከፈት ይህ ዘዴ አይሠራም።

ለሰርቨር ሁለቱንም አማራጮች አበራለሁ፤ ለሃርድዌር መፈተሻ በመደብኩት ማሽን ላይ ግን ሁለተኛውን አጠፋዋለሁ።