ከለንደን ፓሪስ፦ አውሮፕላን ይሻላል ወይስ ባቡር?

ከለንደኑ ሂትሮው እስከ ፓሪሱ ሻርል ደ ጎል አየር ማረፊያ በአየር 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትኬቱ ላይ የሚጻፈው 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ነው። አየር ላይ የምትቆዩት ግን 50 ደቂቃ ቢሆን ነው። የቀረው አውሮፕላኑ መንደርደሪያው ጋ ተራ ሲጠብቅ፣ ካረፈም በኋላ ወደ በሩ ሲንፏቀቅ ያልቃል።

ሰዓቱ እንዳያምታታችሁ። ፓሪስ ከለንደን በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት የተነሳ አውሮፕላን በፓሪስ ሰዓት 5፡20 ይደርሳል። ሲመለስ ደግሞ 6 ሰዓት ተነስቶ 6፡20 ለንደን ነው። ትኬቱን ብቻ ያየ ሰው ሲመለስ በሮኬት የሚመጣ ይመስለዋል።

ባቡሩ ዩሮስታር ነው። ከሴንት ፓንክራስ ተነስቶ ፓሪስ ጋር ዱ ኖር ይገባል፤ ፈጣኑ 2 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጅበታል። 50 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን የባሕር ሥር ዋሻ በ20 ደቂቃ ያህል ያልፈዋል። በመስኮት ዓሣ አያለሁ ብላችሁ እንዳትጓጉ፣ ድቅድቅ ጨለማ ነው።

ወረቀት ላይ አውሮፕላኑ ያሸንፋል። ግን ከቤት እስከ ሆቴል ቁጠሩት። ከመሀል ለንደን ሂትሮው ፒካዲሊ በሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር መስመር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ደረሳችሁ እንበል። በረራው አለ። ከዚያ የፓስፖርት ሰልፍ፣ ሻንጣ መጠበቅ፣ ኤርኤር ቤ (RER B) በሚባለው ባቡር ከተማ ለመግባት ሌላ ግማሽ ሰዓት። አምስት ሰዓት ተኩል ቢሄድ አይግረማችሁ። በዩሮስታር ግን ከመነሻው አንድ ሰዓት ተኩል ቀድሞ መድረስ ይበቃል። የፈረንሳይ ፖሊስ ፓስፖርታችሁን እዚያው ለንደን ስለሚያይ፣ ፓሪስ ስትደርሱ ሻንጣችሁን እየጎተቱ መውጣት ነው። ወደ ጣቢያው መሄጃውን ጨምሮ በድምሩ አራት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው።

ሻንጣ ላይ ባቡሩ በጣም ይለያል። ሁለት ሻንጣና አንድ ትንሽ ቦርሳ በትኬቱ ውስጥ አለ፤ ሚዛን ላይ አውጡ የሚላችሁ የለም። ርካሽ የአውሮፕላን ትኬት ግን ብዙ ጊዜ የሻንጣ ዋጋ የለበትም። እኔ አንዴ በሁለት ኪሎ ትርፍ ምክንያት ሰው ፊት ሻንጣዬን ከፍቼ ጃኬት በጃኬት ላይ ደርቤ ተሳፍሬያለሁ። ዋጋ ስታወዳድሩ ሻንጣውንም፣ ወደ አየር ማረፊያ የመሄጃውንም ደምሩ። ሁለቱም ቀኑ ሲቃረብ ይወደዳሉ።

ታዲያ አውሮፕላን ለማን? ቤቱ ሂትሮው አጠገብ ለሆነ፣ ወይም ከሻርል ደ ጎል ሌላ በረራ ለሚይዝ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዚያ አዲስ አበባ ስለሚበር፣ ከፓሪስ ርካሽ ትኬት ያገኘ ሰው ይፈተናል። ሁለቱን ትኬት ለየብቻ ከገዛችሁ ግን የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ ኪሳራው የራሳችሁ ነው። ሌሎቻችሁ በባቡር ሂዱ።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የእንግሊዝ የመኖሪያ ፈቃድ ቢኖረውም ፈረንሳይ ለመግባት የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል፤ በባቡርም ቢሆን በአውሮፕላን። ለዘመድ ቅቤና ቋንጣ ልትቋጥሩ ካሰባችሁም ተዉት። ከእንግሊዝ ወደ አውሮፓ ኅብረት ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ቅቤው ንጥር ቢሆንም።