ለየካቲት 23 የሚሠራው ውጅግራ፦ ምኑ ታይቶ ይገዛል?

ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ አንድ እንጨት ቤት ከአልጋና ከቁም ሣጥን ሥራው ጎን የውጅግራ፣ ማለትም በዓድዋ ዘመን የነበረው የፈረንሳይ ጠመንጃ፣ አምሳያ በትእዛዝ ይሠራል። የሚያዙት ለዓድዋ በዓል እንደ አርበኛ የሚለብሱ፣ ለቴአትርና ለፊልም ዕቃ የሚያቀርቡ፣ ሳሎናቸው ውስጥ ከጋሻና ከጎራዴ ጎን መስቀል የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። ሁለት ዓይነት አለው፦ ሁለመናው እንጨት የሆነ፣ እና አፈሙዙና መቀርቀሪያው ቶርኖ ቤት የተሠራ ብረት የሆነ። ሁለቱም አይተኩሱም፤ እንዲተኩሱ ተደርገውም አልተሠሩም።

ሰው ለምን ይወደዋል ለሚል መልሱ ቀላል ነው። እውነተኛው ውጅግራ ስንት ዘመን ቢያስቆጥር ጠመንጃ ነው፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ባለበት አገር ያለ ፈቃድ ቤት ማስቀመጥ ራስን ለጣጣ መዳረግ ነው። በደንብ የተሠራ አምሳያ ግን በእጅ ሲያዝ፣ ትከሻ ላይ ሲጋደም፣ በ1888 እግረኛው ተሸክሞት የሄደው ነገር ምን ያህል ረጅምና ምን ያህል ከባድ እንደነበር ያሳያል። ይህን ፎቶግራፍ አይነግርም።

ስለዚህ ከመልክ በፊት ልኩ ይታይ። እውነተኛው የፈረንሳይ ሥሪት፣ እ.ኤ.አ. የ1874 ሞዴል፣ ርዝመቱ 1.305 ሜትር፣ የአፈሙዙ ርዝመት 82 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 4.2 ኪሎ ገደማ ነው። ጥይቱ 11 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሚጎርሰው አንድ ብቻ ነው፤ ካዝና የለውም። ከሆዱ ሥር ካዝና የተለጠፈበት አምሳያ ካጋጠመ ሠሪው ያየው ሌላ ጠመንጃ ነው። የእግረኛው ውጅግራ መቀርቀሪያ እጀታም ቀጥ ብሎ ወደ ቀኝ ይወጣል። ይህ እንጨት ቤት ጋቢ እንዳይዝ ብሎ እጀታውን ወደ ታች ያጎብጠዋል፤ ሐሳቡ ክፉ አይደለም፣ ግን የጎበጠው እጀታ የፈረሰኞቹ አጭር ውጅግራ ነው። ቀጥ ተደርጎ እንዲሠራ ሲታዘዝ ያለ ክርክር ይቀበላል። ርዝመቱን ግን በትክክል ይጠብቃል፣ ለዚህ ሊመሰገን ይገባል።

እንጨቱ ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ቤቱ በዋንዛና በባሕር ዛፍ ይሠራል። ዋንዛ ቀላል ነው፣ ለመላጊያ ይታዘዛል፣ ቀለሙም ያለ ብዙ ድካም ወደ አሮጌ ሰደፍ ይጠጋል። ባሕር ዛፉ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ሳይደርቅ ከተቆረጠ በጥቂት ወራት ውስጥ ይጣመማል፣ ከአፈሙዙ ሥርም ይሰነጠቃል። 1.3 ሜትር በሚረዝም ነገር ላይ ትንሽ መጣመም ከሩቅ ይታያል። ሲረከቡ ከሰደፉ ጫፍ አንድ ዓይን ጨፍኖ እስከ አፈሙዙ ጫፍ መመልከት በቂ ምርመራ ነው።

የሚሰበረው ሁልጊዜ አንገቱ ነው፤ ማለትም ከቃታው ኋላ እጅ የሚጨብጠው ቀጭን ቦታ። ምክንያቱ የእንጨቱ ክር ነው። ሰደፉ ከአንገቱ ወደ ታች ስለሚያዘነብል፣ ከቀጥተኛ ሳንቃ ሲቆረጥ ክሩ አንገቱ ላይ በአግድም ይቆረጣል፣ ጠመንጃው አንዴ መሬት ሲወድቅም እዚያው ላይ ለሁለት ይከፈላል። ጥሩ ሠሪ የክሩ አቅጣጫ ከአንገቱ ጋር አብሮ የሚሄድበትን ሳንቃ ይመርጣል። እንዲህ ያለ ሳንቃ ከሌለ ከሰደፉ በኩል በትራፓን 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አንገቱን አልፎ እስኪገባ ተበስቶ፣ በኮላ የተነከረ የወይራ ዘንግ ይገባበታል። ይህ ቤት ካልተጠየቀ አያደርገውም። ይጠየቅ።

አፈሙዙን በተመለከተ ድርድር የለም፦ ድፍን ብረት ይሁን። ቤቱ ለብረቱ ዓይነት 16 ሚሊ ሜትር ድፍን ዘንግ ይጠቀማል፤ 82 ሴንቲ ሜትሩ ብቻውን 1.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ከዋንዛው ጋር ተደምሮ ጠቅላላው ከ3 ኪሎ ይዘላል። ጫፉ ላይ 11 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቀዳዳ ተቦርቡሮ ውስጡ በጥቁር ቀለም ሲቀባ ከፊት ለፊት ክፍት ይመስላል። አንዳንድ ገዢ ክብደት ለመቀነስ የውኃ ቱቦ እንዲገባለት ይጠይቃል። ይህ ሞኝነት ነው። ክፍት ቱቦ ያለው ነገር ለፖሊስ አምሳያ መሆኑን ማስረዳት ከባድ ነው፤ ሌላ ሰው እጅ ሲገባም ምን እንደሚሞክርበት አይታወቅም። ክብደት የሚያስቸግረው ሰው ሁለመናው እንጨት የሆነውን ይግዛ፤ ግማሽ ያህል ነው የሚመዝነው፣ ሰዓታት ለሚወስድ ሰልፍም ከብረቱ ይሻላል።

መቀርቀሪያው የቶርኖ ሥራ ነው፣ ዋጋውን ከፍ የሚያደርገውም እሱ ነው። ድፍን ነው፤ ውስጡ ሞላም መምቻ መርፌም የለበትም፣ ጥይት የሚጎርስበት ክፍልም አልተቦረቦረም። ወደ ኋላ ሲሳብ ጥሩ ድምፅ ይሰጣል፣ መድረክ ላይ ያምራል። የሚንቀሳቀሰው ቃታ ግን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሞላው ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይላላል።

ደካማው ነገር ቅቡ ነው። ቤቱ ሰደፉን በሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ፣ ብረቱን በጥቁር ስፕሬይ ይጨርሰዋል፤ መብራት ሲያርፍበት አሻንጉሊት ይመስላል። ሳይቀባ ተረክቦ ቤት መጨረስ ይሻላል። በ120፣ ከዚያ በ180፣ ከዚያ በ240 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይለሰልስና የተልባ ዘይት በስሱ ይቀባል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ትርፉ ይጠረጋል፣ በቀን አንዴ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይደገማል። ዘይቱን የጠጣው ጨርቅ ተጨማድዶ ጥግ ላይ እንዳይጣል። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተከመረ ጨርቅ ማንም ሳይለኩሰው ሊነድ ይችላል። ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ ወይም ውኃ ውስጥ ይነከር። ብዙ ሰው ይህን የሚማረው ከጭስ ነው።

ሳንጃውን አለማዘዝ ይሻላል። ቤቱ ከላሜራ ቆርጦ ይሠራዋል፤ ጫፉ ስለታም ነው፣ በሰው መሐል ግማሽ ሜትር ስለት ይዞ መሄድም ለበዓል አይሆንም። የግድ ካስፈለገ ጫፉ የደነበዘ፣ በብርማ ቀለም የተቀባ የእንጨት ሳንጃ ይሠራ።

አደጋው ያለው መንገድ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ ሕግ የአሻንጉሊት ጠመንጃ ጫፍ ብርቱካንማ እንዲሆን ያዛል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2014 በክሊቭላንድ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ብርቱካንማው ጫፍ የወለቀ የፕላስቲክ ሽጉጥ ይዞ ሲጫወት ፖሊስ ተኩሶ ገድሎታል፤ መኪናው ከደረሰ ሁለት ሰከንድ እንኳ አልሞላም ነበር። ያው ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1898 በፊት የተነደፉ ጠመንጃዎችን የማይተኩስ አምሳያ ከብርቱካኑ ግዴታ ነጻ ያደርጋል፤ በዚያ አቆጣጠር ውጅግራም ነጻ በሆነ ነበር። ኬላ ላይ ያለ ፈታሽ ግን ከማታ መብራት ሥር የሞዴል ዓመት አይቆጥርም። ስለዚህ ከሰበታ ወደ መሐል ከተማ ሲገባ አምሳያው በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ መቀርቀሪያው ወልቆ ለብቻው ይያዝ፤ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰር። ፈታሹ ከማግኘቱ በፊት ባለቤቱ አስቀድሞ ይናገር፣ እጁንም ወደ ጥቅሉ አይስደድ። ሰልፍ ላይ ይዞ ለመውጣት የታሰበ ከሆነ የወረዳውን ፖሊስ ቀደም ብሎ ጠይቆ፣ አይሆንም ከተባለ ግድግዳው ላይ መተው ነው። ፊልም ለሚቀርጹም ያው ነው፤ የሰፈሩ ሰው ሳያውቅ ሜዳ ላይ ጠመንጃ ደቅኖ መሮጥ አይቻልም።

በበዓሉ ሰሞን በየመንገዱ የሚሸጠው የፕላስቲክ ክላሽ ሌላ ጉዳይ ነው። ዓድዋ ላይ ክላሽ አልነበረም፣ ከዚህም በላይ ከሩቅ ሲታይ ከውጅግራ ይልቅ የሚያስደነግጠው እሱ ነው። ውኃ ጠጥቶ የሚያብጥ ፍሬ የሚወረውረው ዓይነት ደግሞ ያለ ዓይን መከላከያ አይነካም፤ ፍሬው በሕፃን ሆድ ውስጥም ስለሚያብጥ አንጀት ይዘጋል።

ማዘዝ የሚፈልግ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ይዘዝ። ጥር ሲጋመስ ወረፋው ይበዛል፣ ያኔ የሚመጣው እንጨት እርጥብ ነው፣ የአንገቱን ዘንግ የሚያስታውስም አይኖርም።