በቀቀን ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ወር የሰው ወፍ ኬጅ እጠቡ

ወገኖቼ፣ በተለይ እዚህ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ለልጆቻችሁ የሚያወራ ወፍ ልትገዙ ካሰባችሁ እጃችሁን ሰብስቡና መጀመሪያ ይህን አንብቡ። እኔ 1,400 ዶላር ከፍዬ፣ ሐኪም ቤት ደግሞ ሌላ ጨምሬ የተማርኩትን እናንተ ቅዳሜ ጠዋት የወፎች መጠለያ ሄዳችሁ ኩስ እየፋቃችሁ በነጻ ትማሩታላችሁ።

የ9 ዓመት ልጅ አለችኝ። ያለንበት አፓርታማ ውሻ አይፈቅድም፣ ድመት እናቷን ያስነጥሳታል፤ ስለዚህ «ወፍ፣ ወፍ» ስትል ዓመት ሞላት። በፈረንጆች 2023 የካቲት ላይ አንድ የአበሻ የገበያ ግሩፕ ውስጥ ማስታወቂያ አየሁ፦ «አፍሪካን ግሬይ በቀቀን፣ የ8 ወር፣ ከእንቁላሉ ጀምሮ በእጄ ያሳደግኩት፣ ያወራል፣ ከነኬጁ 1,600 ዶላር።» ደወልኩ። ሰውዬው አንደበተ ርቱዕ ነው። ሰፈርህ የት ነበር፣ የት ተማርክ ተባባልን፤ አንድ ሰፈር ለአንድ ሰፈር የሚቀርብ ሆኖ ተገኘ። «እንግዲህ የሀገር ልጅ ነህ፣ 1,400 አድርገህ ውሰደው» አለኝ። ያቺ የ200 ዶላር ቅናሽ ናት አፌን የዘጋችው። ቅናሽ ያደረገልህን ሰው ደግሞ ጥያቄ ታበዛበታለህ እንዴ?

ቤቱ አልጠራኝም። «ለአንተ መንገድ ይቀልሃል» ብሎ አንድ የገበያ አዳራሽ የመኪና ማቆሚያ ላይ ቀጠረኝ። ብርድ ነበር። ወፉን የውሻ መጓጓዣ ሳጥን ውስጥ ከቶ ሰማያዊ ፎጣ አልብሶት ነው የመጣው። ፎጣውን ገለጥ ሲያደርገው ሦስት ነገር አየሁ፤ ሦስቱንም አየሁና አንዱም አልገባኝም።

አንደኛ፣ ደረቱ ተመልጧል። ከአንገቱ በታች የእጅ መዳፍ የሚያህል ቦታ ሮዝ ቆዳው ይታያል። «ላባ እየቀየረ ነው፣ ወቅቱ ነው» አለኝ። ሁለተኛ፣ ዓይኑ ገርጣ ያለ ቢጫ ነው። እንዴት ያምራል ብዬ አለፍኩት። ሦስተኛ፣ እግሩ ላይ የብረት ቀለበት አለ፣ ጥቃቅን ጽሑፍ ተቀርጾበታል። መነጽሬን መኪና ውስጥ ትቼዋለሁ። ብሩን ሰጠሁ። ምን ይበላል ስለው «የሱፍ ፍሬና ውሃ፣ በቃ» አለኝ።

ልጄ ስሙን ዳመና አለችው፣ ግራጫ ስለሆነ። እናቴ ያኔ ከአዲስ አበባ መጥታ ከእኛ ጋር ነበረች። እሷ ገና ስታየው «ይሄ ሽማግሌ ነው» አለች። ሳቅንባት። የሚበላውን ስነግራት ደግሞ «ሱፍ ብቻ? እሱም ሁዳዴ ይጾማል?» አለች።

የመጀመሪያው ማታ ሲመሽ መጮህ ጀመረ። ጩኸት ስላችሁ የዶሮ ጩኸት አይደለም፤ ግድግዳ አልፎ ጎረቤት የሚያንኳኳ ጩኸት ነው። ሌሊት ላይ ደግሞ የጭስ መቆጣጠሪያ ባትሪ ሲያልቅበት የሚያሰማውን ጢጥ ያሰማል። ወንበር ላይ ቆሜ ሦስት ጊዜ ባትሪ ቀይሬያለሁ፤ ለካ እሱ ነው። በሳምንቱ ማውራት ጀመረ። በአንዲት የደከማት ሴት ድምፅ፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ፣ «ሻት አፕ! ሻት አፕ!» ይላል። ከዚያ የሽማግሌ ሳል ይስላል። ከእንቁላሉ ጀምሮ አንድ አበሻ ቤት ያደገ ወፍ ይህን ከየት አመጣው? ልጄ ጣቷን ሰጥታው ነክሷት ሁለት ቦታ ተሰፋች። ከዚያ በኋላ ኬጁ ያለበት ክፍል መግባት ተወች።

ሐኪም ፍለጋው ሌላ ጣጣ ነው። የውሻና የድመት ሐኪም በየመንገዱ አለ፣ ወፍ የሚያውቅ ሐኪም ግን 50 ደቂቃ ነድቼ ነው ያገኘሁት። ዶክተሯ ወፉን በፎጣ ጠቅልላ ያዘችና ገና ደም ሳትቀዳ፣ እግሩን ወደ መብራት አዙራ ቀለበቱን አነበበችልኝ። የአርቢው ምልክት፣ ቁጥር፣ ከዚያ «04»። ቀለበቱ ያልተከፈተ ድፍን ቀለበት ነው፤ እንዲህ ያለው የሚገባው ጫጩቱ ጥቂት ሳምንት ሲሆነው፣ እግሩ ሳይወፍር ነው። በኋላ ልግባ ቢል አይገባም። ስለዚህ የ8 ወሩ ጫጩቴ በፈረንጆች 2004 የተፈለፈለ ነው፤ 19 ዓመቱ። ከልጄ በ10 ዓመት ይበልጣታል።

ከዚያ ያ የተመለጠ ደረት። «ጭንቅላቱን ተመልከት» አለችኝ። ጭንቅላቱ ላይ ላባው ሙሉ ነው፣ ያምራል። ወፍ የራሱን ጭንቅላት በመንቁሩ ሊደርስበት አይችልም፤ ሌላው ገላ ተመልጦ ጭንቅላቱ ሙሉ ከሆነ፣ ላባውን የሚነጨው ራሱ ነው ማለት ነው። ላባ የሚቀይር ጤነኛ ወፍ ጥቂት ጥቂት ነው የሚጥለው፣ እንዲህ ራቁቱን አይቀርም። ምክንያቱ ሕመም ሊሆን ይችላል፣ ብቸኝነት ሊሆን ይችላል፣ ከቤት ቤት መንከራተትም ሊሆን ይችላል። ዓመታት በሱፍ ፍሬ ብቻ ስለኖረ ጉበቱ በስብ ተጎድቷል፣ ቫይታሚን ኤ አጥሮታል። በቀቀን ለሰው የሚያስተላልፈው የሳንባ በሽታ እንዳለ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ምርመራው «የለበትም» ብሎ እስኪመጣ ድረስ እናቴ ባሳለች ቁጥር ልቤ ቀጥ ይል ነበር። የዚያን ቀን ሒሳብ 640 ዶላር።

ለሰውዬው ደወልኩ። «ወንድሜ፣ ወፍ ከወጣ በኋላ አልመልስም» አለኝ፣ ከዚያ ቁጥሬን ዘጋው። ደረሰኝ የለኝም፣ አድራሻውን አላውቅም፣ የከፈልኩት በጥሬ ገንዘብ ነው።

ሦስት ወር ታገልን። በመጨረሻ ከከተማው ወጣ ያለ የበቀቀኖች መጠለያ ደወልኩ። «ወረፋ አለ» አሉኝ። ወፍ ለመስጠት ወረፋ! ተራዬ ሲደርስ ዳመናን ይዤ ሄድኩ፣ ገብቼ ያየሁትን ግን ለመርሳት አልቻልኩም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ በበጎ ፈቃድ ማገልገል ጀመርኩ። ዋናው ልነግራችሁ የፈለግኩት ይሄ ነው።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ትገባላችሁ። የጆሮ ጌጥ፣ ሐብል አውልቁ ይባላል፤ መንቁራቸው ሳትነቃነቁ ይነቅለዋል። ጫማ ትቀይራላችሁ፣ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው በሽታ እንዳይሄድ። አዲስ የገባ ወፍ ከሌሎቹ ተለይቶ ከወር በላይ ይቆያል። ከዚያ ሥራው፦ የትናንቱን ጋዜጣ ከኬጁ ሥር መሳብ፣ የደረቀውን ኩስ በሙቅ ውሃ አርሶ መፋቅ፣ የውሃ ዕቃ ማጠብ፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ስኳር ድንች መክተፍ፣ እያንዳንዱን ወፍ በግራም ሚዛን መመዘን። ምክንያቱም ወፍ ሕመሙን ይደብቃል፤ ዱር ውስጥ የታመመ የሚመስል ወፍ ስለሚበላ፣ እስከ መጨረሻው ጤነኛ መስሎ ይቆማል። ላባውን አሳብጦ ኬጁ ወለል ላይ ተቀምጦ ካያችሁት ወይም ሲተነፍስ ጭራው ከፍ ዝቅ ካለ ነገሩ ቆይቷል ማለት ነው። ክብደቱ ግን ቀድሞ ይናገራል።

ስትጨርሱ ልብሳችሁ፣ ጸጉራችሁ፣ ስልካችሁ ላይ ነጭ ዱቄት ታገኛላችሁ። ከአፍሪካን ግሬይና ኮካቱ ከሚባለው ሌላ የበቀቀን ዓይነት ላባ የሚራገፍ ነው፣ ተፈጥሯቸው ነው። አስም ያለበት ቤት ይሄን የሚያውቀው 1,400 ዶላር ከፍሎ መሆን አለበት? አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል።

እዚያ ያለ አንድ ነጭ ኮካቱ አራት ቤት ዞሮ ነው የመጣው። አንድ ሰማያዊና ቢጫ ማካው ደግሞ ባለቤቷ አርጅተው ሞተው፣ ልጆቻቸው አንፈልግም ብለው ነው የመጣችው። አፍሪካን ግሬይ ከ40 እስከ 60 ዓመት ሊኖር ይችላል። የ45 ዓመት ሰው ጫጩት ሲገዛ ለማን እንደሚያወርሰው አብሮ ማሰብ አለበት። እኔ አላሰብኩም፤ ጥቂት ዓመት የሚኖር መስሎኝ ነበር።

ልጄ ቪዲዮ ላይ የምታያቸው አዋቂ በቀቀኖችም ነገር አለ። አሌክስ የሚባለውን ሳትሰሙ አትቀሩም፤ አይሪን ፔፐርበርግ የምትባል ተመራማሪ በ1977 ቺካጎ ውስጥ ከአንድ የእንስሳት ሱቅ የገዛችው አፍሪካን ግሬይ ነው። ቀለም ይለይ ነበር፣ ቅርጽ ይለይ ነበር፣ ይቆጥር ነበር፤ በ2007 በ31 ዓመቱ ሞተ። ግን ለ30 ዓመት ተመራማሪዎች በየቀኑ አብረውት ሠርተዋል። እኔ ከቤት ጠዋት ወጥቼ ማታ የምገባ ሰው ነኝ፣ ባለቤቴ ሁለት ሥራ ትሠራለች። ዳመና ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ያያል። ላባውን ካልነጨ ምን ያድርግ?

አሁን ደግሞ የእኛን የአበሻ ቤት የሚመለከት አንድ ነገር፣ ማንም ሻጭ የማይነግራችሁ። ወፍ ሳንባው እንደ እኛ አይደለም፣ አየር በአንድ አቅጣጫ ነው የሚያልፍበት፣ ከአየሩ ውስጥ ያለውን ነገር ሁሉ አጣርቶ ይወስዳል። ስለዚህ ጢስ ይጎዳዋል። ዶክተሯ «ቤት ውስጥ ምን ታጨሳላችሁ?» ስትለኝ «ሲጋራ አላጨስም» አልኳት። ለካ እኛ ቅዳሜና እሑድ ቡና ስንቆላ፣ ከሰል ላይ ዕጣን ስናደርግ፣ እሱ ከጥግ ሆኖ ያንን ሁሉ ይስባል። ከዚያ የባሰው ምግብ የማይጣበቅበት የቴፍሎን መጥበሻ ነው፤ ባዶውን ምድጃ ላይ ተረስቶ ከጋለ የሚወጣው ሽታ የሌለው ጢስ አንድ ክፍል ውስጥ ያለን ወፍ በደቂቃዎች ሊገድል ይችላል። አቮካዶም መርዙ ነው፣ ስፕሪስ እየጠጣችሁ በጣታችሁ እንዳታቀምሱት። ቡናና ቸኮሌትም እንዲሁ። እናቴ ይህን ስትሰማ «እንግዲህ ወይ ቡናው ይቅር ወይ ወፉ» አለች፣ ፊቷ ላይ የትኛው እንደሚቀር ግልጽ ነበር። በነገራችን ላይ እሷ በቀቀን የምታውቀው አዲስ አበባ ግቢያችን ያለው ሾላ ላይ የሚመጡትን ትንንሽ አረንጓዴዎች ነው፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሌላ የትም የሌሉ ናቸው። «እነሱ ይጮሁና ይሄዳሉ» ትላለች።

ከእኔም የባሰ አለ። ዳላስ ያለው የአጎቴ ልጅ ወፉን በዓይኑም ሳያየው ነው የተበላው። «ማጓጓዣውን ብቻ ላክ» ተብሎ 350 ላከ፣ ከዚያ «አየር መንገዱ ልዩ ሳጥን ይፈልጋል፣ ተመላሽ ነው» ተብሎ 600፣ ከዚያ «ኢንሹራንስ»። ለመክፈል እምቢ ሲል ወፉ አውሮፕላን ማረፊያ እየሞተ ነው ብለው አስፈራሩት። የበቀቀን እንቁላል በፖስታ እንልካለን የሚሉትም ያው ናቸው። ከአፍሪካ በቀጥታ አስመጣልሃለሁ የሚላችሁ ካለ ደግሞ ስልኩን ዝጉት፤ አፍሪካን ግሬይ በ2016 ጆሃንስበርግ በተደረገው ስብሰባ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከፍተኛው የጥበቃ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፣ ከዱር የተያዘውን ለንግድ ማሻገር ክልክል ነው።

እሺ፣ ይህን ሁሉ ሰምታችሁም ወፍ ትፈልጋላችሁ እንበል። አልፈርድባችሁም፣ እኔም አሁን ቅዳሜ ካልሄድኩ ይከፋኛል። አራት ቅዳሜ አገልግሉ፣ ልጃችሁን ዕድሜዋ ከፈቀደ ይዛችሁ ሂዱ። ብዙ መጠለያ ወፍ ሲሰጥ ትምህርት ያስወስዳል፣ ቤታችሁን መጥቶ ያያል፤ ይሄ ጭቅጭቅ ይመስላል፣ ግን ያ የመኪና ማቆሚያው ሰውዬ አንድ ጥያቄ ጠይቆኝ ቢሆን ኖሮ። እኔ ባለሁበት መጠለያ የሚያስከፍሉት እኔ ከከፈልኩት ሲሶ አይሞላም፣ ሐኪም ያየው ወፍ ነው፣ ካልሆነላችሁም ይመልሱታል። ከግለሰብ ከገዛችሁ ግን ወፉ የሚኖርበትን ቤት ካላያችሁ አትክፈሉ፣ ቀለበቱን ራሳችሁ አንብቡ፣ የሐኪም ወረቀት ጠይቁ። ዓይኑን እዩ፤ የአፍሪካን ግሬይ ጫጩት ዓይኑ ጠቆር ያለ ነው፣ ከዚያ ግራጫ ይሆናል፣ ሲያድግ ነው ቢጫ የሚሆነው።

ዳመና ደህና ነው። ደረቱ ላይ ትንሽ ትንሽ ግራጫ ላባ ወጥቷል፣ አንዳንዱን መልሶ ይነጨዋል። ባለፈው ቅዳሜ ኬጁን ስከፍት በእናቴ ድምፅ «እግዚኦ» አለኝ።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ሌላ ነው። ትናንት ማታ በዚያው ግሩፕ አዲስ ማስታወቂያ ወጥቷል፦ «አፍሪካን ግሬይ፣ የ7 ወር፣ በእጄ ያሳደግኩት፣ ለሀገር ልጅ ቅናሽ አለ።» ስልኩ ሌላ ነው፣ ሳጥኑን የሸፈነው ሰማያዊ ፎጣ ግን ያው ነው። ፎቶውን በጣቴ አስፍቼ አየሁት። ዓይኑ ቢጫ ነው።